ጥላ የማን ነው?

ትምህርት ቤት ሳለን በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ውስጥ «ሰመር» የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ነበር። ገሚሱ «በጋ ነው» ይላል፤ ገሚሱ «የለም፣ ክረምት ነው» ብሎ ይከራከራል። መምህሩም ጠረጴዛውን በዳስተር እየመታ ጩኸቱን ካስቆመ በኋላ «ወራቱ ክረምት ነው፤ ጠባዩ በጋ ነው» ብሎ ይፈርድ ነበር። ፍርዱ ትክክል ነበር። የፈረንጅ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰዎቹ ልብሳቸውን ጥለው ወደ ባሕር የሚሮጡበት ጊዜ ነው፤ የእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን በጣና ላይ ሰማይና ውሃ ተደባልቀው የማይለዩበት ጊዜ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት የሚገባው ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ የሰኔ ዝናብ እስኪወርድ ድረስ፣ ይልቁንም በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው።

ምክንያቱ ከጂኦግራፊ ትምህርት አይርቅም። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንድ ጊዜ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ፣ ሁለተኛ ጊዜ በነሐሴ አጋማሽ ገደማ። በነሐሴ ደመናው እንደ ድንኳን ተዘርግቶ ይከልለናል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ ራቁቱን ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰው ጥላውን ሲፈልግ ከገዛ ጫማው ሥር ያገኘዋል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ይፈለጋልና።

መቼም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ሙቀታችን የሚያስደነግጥ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በእነዚያ ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ አንዳንድ ቀን ያልፈዋል፤ ሌሊት ግን ይበርዳል። ከአሳይታ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ ይህንን «ሙቀት» ስንለው ይሥቅብናል፤ ከደብረ ብርሃን የመጣው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ካፖርቱን ከሻንጣው ሥር ቀብሮ እስከ ክረምት አያነሣውም። ነገር ግን ቴርሞሜትር የሚሰቀለው በነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘውና ነፋስ በሚያልፍበት ስፍራ ነው። የአብዛኞቻችን ቤት ነጭ ሣጥን አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው።

የቆርቆሮ ቤት በሚያዝያ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ እንንገር። ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው እየሞቀ ሲለጠጥ «ቋ! ቋ!» እያለ ይጮኻል፤ አዲስ እንግዳ ሰው ጣሪያ ላይ የወጣ ይመስለዋል። 5 ሰዓት ሲሆን ከላይ የሚወርደው ሙቀት በአናታችሁ ላይ እጁን እንደ ጫነ ሰው ነው። ጧፍ ከተቀመጠበት ይጎብጣል፤ ቅቤ በቅሉ ውስጥ ይቀልጣል፤ ረጅም ሰው ከአጭር ሰው ይልቅ ይጎዳል። ገንዘብ ያለው ኮርኒስ ያስመታል። የሌለው አቡጀዲ ገዝቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይወጥርና በዱቄት ሙጫ አድርቆ ኖራ ይቀባዋል። በአቡጀዲውና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ጥቂት ይይዝለታል፤ አይጦችም ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ላይ ይጋልባሉ።

ከቆርቆሮ በፊት የነበረው የሣር ክዳን ይህን ጣጣ አያውቅም ነበር። ሣር በመካከሉ ብዙ አየር ስለሚይዝ ፀሐይ ላዩን ብታቃጥለው ውስጡ አይሰማም። በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት ወፍራም ግድግዳም የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ይውጥና ሌሊት ብርድ ሲሆን ይመልሰዋል። ይህን ስንል ግን ለሣር ቤት ለመዝፈን አይደለም። እንዲህ ያለውን ዘፈን የሚዘፍኑት በሣር ቤት ያላደሩ ናቸው። ሣር ቤት ይቃጠላል፤ ያፈሳል፤ ተባይ ያራባል፤ ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ የክዳን ሣሩም ከተማው በሰፋ ቁጥር እየራቀ ሄደ። እናቶቻችን ቆርቆሮ የተመታ ቀን እልል ብለዋል፤ እልልታውም የተገባ ነበር። ብቻ ሣሩ ሲነሣ የሣሩን ሥራ ማን ይሠራዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የሠሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው። በሙቀቱ ወራት እናታችን እንጀራ የምትጋግረው ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ነበር፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ማድ ቤቱ ከላይ በፀሐይ ከታች በማገዶ ስለሚነድ ሰው አያስቆምም። እኛ ስንነቃ እንጀራው ተሰፍቶ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ እሷ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን በውሃ አርሳ ግንባሯን ስትጠርግ እናገኛት ነበር። ከዚያ ወለሉ ይመጣል። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አፈር በመሆኑ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ውሃ ይረጭበታል፤ ውሃው ሲተን ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ የእርጥብ አፈሩም ሽታ ከሰኔ በፊት ሰኔን ያመጣል። የበዓል ቀን ሲሆን ከባሕሩ ዳር የታጨደ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እግራችንን ቄጠማው ውስጥ ቀብረን ቁጭ ስንል የምናስበው ስለ ዶሮ ወጡ ነበር እንጂ ውሃው በማን ጀርባ እንደ መጣ አልነበረም።

በማን ጀርባ? በእኅቶቻችን ጀርባ። አንድ እንስራ 20 ሊትር ቢይዝ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ ሸክላው ሳይቆጠር። ከቦኖ ወይም ከዓባይ ዳር፣ በማለዳና በማታ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከሌላው ጊዜ አብልጦ። ወንዶቹ ልጆች ያን ጊዜ ኳስ ላይ ነበርን።

ስለ እንስራው ጥቂት እንበል፤ ይገባዋልና። አያታችን እንስራውን በበሩና በመስኮቱ መካከል፣ ነፋስ በሚተላለፍበት ስፍራ ማቶት ላይ ያስቀምጡና «ሳያልበው አትንኩት» ይሉን ነበር። ያልተለሰነ ሸክላ ዐይን በማይያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ እየወጣ በውጭው ገጽ ላይ ያወዛል፤ ነፋስ ሲያገኘውም ይተናል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ማለት አንዲት ጠብታ ስትተን ውስጥ የቀረውን 58 እጥፍ ውሃ በ10 ዲግሪ ልታቀዘቅዝ ትችላለች ማለት ነው። በፊዚክስ ክፍል ይህን በሰሌዳ ላይ ስናሰላ አያታችን ትዝ አሉን፤ ስሌቱን ሳያውቁ ውጤቱን ያውቁ ነበር። ያረጀ እንስራ ቀዳዳው እየተደፈነ ስለሚሄድ ማላቡን ይተዋል፤ እሳቸውም ያን ጊዜ ለእህል ማስቀመጫ ያደርጉትና አዲስ ይገዛሉ። የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ሲበላሽ የሚጠራ ሠራተኛ የገበያ ሸክላ ሠሪ ሴት ነበረች፤ ዋጋዋም ጥቂት፣ ክብሯ ደግሞ ከዋጋዋ ያነሰ።

በኋላ ጀሪካን መጣ። ቀላል ነው፤ አይሰበርም፤ እጀታ አለው፤ የብዙ ልጃገረድ ጀርባ ከመጉበጥ ያዳነ ዕቃ ነውና አንሰድበውም። ግን አያልበውም። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የዋለ የጀሪካን ውሃ 8 ሰዓት ላይ ለገላ መታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። እንግዲህ ቆርቆሮውም ጀሪካኑም አንድ ዓይነት ታሪክ አላቸው፤ አንድ ሸክም አውርደው አንድ ቅዝቃዜ ይዘው ሄዱ።

ሙቀቱ ሁልጊዜ የሚገናኘው ከጾም ጋር ነው። የሁዳዴ 55 ቀናት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ወራት ላይ ይወድቃሉ፤ አጥብቆ የሚጾመውም ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ 9 ሰዓት፣ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ትንሣኤ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የፀሐይዋን መዞር በጥላው ርዝመት ሲለኩ እናያቸው ነበር። ከዚያ ቤት ሲደርሱ የተልባ ውሃ፣ የሱፍ ውሃ፣ በሶ። በቅል የሚቀርብ ቀዝቃዛ የሱፍ ውሃ ከ9 ሰዓት በኋላ ምን እንደሆነ የጠጣው ያውቀዋል። የእስላም ጎረቤቶቻችን ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ አንዳንድ ዘመን በዚሁ ሙቀት ላይ ያርፋል፤ በ2014 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ 9 ሰዓትን፣ ሌላው የፀሐይን መጥለቅ ይጠብቅ ነበር። እንስራው ግን አንድ ነበር፤ መጀመሪያ የሚከፍቱት ለኋለኞቹ ያተርፉ ነበር።

አሁን ወደ ባሕሩ እንውረድ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ይህ ሰፊ ውሃ ከተማችንን የሚያገለግላት ያለ ደመወዝ ነው። መሬቱ ከውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ በምድር ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ከባሕሩ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየርም ስፍራውን ሊይዝ ይመጣል። ከእኩለ ቀን በኋላ ዘንባባዎቹ ቅጠላቸውን ሲያንቀጫቅጩ «መጣ!» እንላለን፤ ሻይ ቤቶቹ ወንበራቸውን ወደ ባሕሩ ያዞራሉ። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ዞሮ ከምድር ወደ ውሃው ይሄዳል። ይህንን መጽሐፍ ሳያዩ የሚያውቁት ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳቸውን የሚያወጡት ጎሕ ሲቀድ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቶ ሳለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበል እንደሚነሣ ያውቃሉና። ከተማው ግን ስማቸውን በክብር መጥራት ለመማር ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ከዘጌ ወገን በታንኳ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ማገዶም የራሱ ምፀት ነበረው፤ የዚያን ማዶ ጥላ ቆርጠን በዚህ ማዶ ምጣድ ሥር እናነደው ነበር።

እኛ ወንዶቹ ቀትር ላይ ዓባይ ከባሕሩ በሚወጣበት አጠገብ እንዋኝ ነበር። ጉማሬ አለ ይሉናል፤ አለም። ብልሃርዝያ አለ ይሉናል፤ እሱም አለ፤ ከመካከላችን ክኒኑን ያልዋጠ ጥቂት ነው። እኅቶቻችን ግን በዚያው ዳር ድንጋይ ላይ ልብስ ሲያጥቡ ውሃው እስከ ጉልበታቸው ብቻ ይደርስ ነበር። ባሕሩ የሁሉ ነው ሲባል እየሰማን አድገናል፤ በሙቀት ቀን ግን ገላን ለውሃ መስጠት የወንድ ልጅ መብት ነበር። ይህን ዛሬ ስናነሣ የሚከፋቸው አሉ፤ ይክፋቸው።

ማታስ? ማታ ሰው ሁሉ በርጩማውን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። ቡና በደጅ ይፈላል፤ ልጆች ሰሌን ላይ ተጋድመው ኮከብ ይቆጥራሉ፤ የመንደሩ ወሬ ከግቢ ወደ ግቢ ይሻገራል። በሙቀቱ ወራት የማይታወቅ የጎረቤት ምሥጢር የለም። ከዚያ ቢንቢ ይመጣል። መስኮት ከፍቶ መበላት ወይስ ዘግቶ መቀቀል? አባታችን ለመክፈት፣ እናታችን ለመዝጋት ይከራከሩ ነበር፤ በመጨረሻ ሁልጊዜ የምታሸንፈው እናታችን ነበረች፤ በወባ የታመመ ልጅ የሚያስታምመው ማን እንደሆነ ታውቃለችና። አጎበር በየቤቱ ሲታደል ክርክሩ ጋብ አለ። ለእኛ ከማናቸውም ማራገቢያ ይልቅ ሌሊታችንን ያቀዘቀዘው አጎበር ነው፤ መስኮቱን ያስከፈተው እሱ ነውና።

ጥላን በሕግ ያቆየ አገር ማየት የሚፈልግ ወደ ዘጌ ይሻገር። ከከተማው በጀልባ ተነሥቶ ፀሐይ አናቱን ስትመታው የሄደ ሰው ከወደቡ ወጥቶ በቡናው መካከል በሚሄደው የድንጋይ መንገድ ጥቂት እንደ ተራመደ ነጠላውን ወደ ትከሻው ይስባል። እንደ አገሩ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ከተቀበሉት ቃል ኪዳን የተነሣ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው። ቡና ጥላ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ዛፎች ቆሙ። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ሊያይ የሄደ ቱሪስት ሥዕሉን አድንቆ ይመለሳል፤ እኛ ዛፎቹንም እናደንቃለን። በጎንደርና በጎጃም ገጠር ከሩቅ ሆናችሁ በተራቆተው እርሻ መካከል አንድ ክብ ጫካ ስታዩ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ጥላ ሥር የቆሎ ተማሪው ያጠናል፤ ነዳያን ያርፋሉ፤ መንገደኛው አህያውን ያሳርፋል። «ከየት መጣህ?» ይባል ይሆናል፤ «ካርታህን አሳይ» የሚለው ግን የለም። በእርግጥ ጥላም አንዳንድ ጊዜ በር አለው፤ ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብሎ በሚታየው በክብራን ገብርኤል ደሴት ሴት አትገባም።

ስለ መኪናው ደግሞ እንናገር። የአየር ማቀዝቀዣን የፈለሰፈው ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1902 ነበር። ነገሩ የሚያስቀው ለሰው ተብሎ አለመሠራቱ ነው። በኒው ዮርክ ብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ ቀለማቱ አልገጥም ብለው አስቸገሩ። ካሪየርም አየሩን የሚያደርቅና የሚያበርድ መሣሪያ ሠራለት። ይህችን መጽሔት በማባዣ መኪና ያዞረ፣ በግንቦት እጁ በቀለም ተጨማልቆ ወረቀት የተጣበቀበት ሰው ሁሉ የካሪየርን ነፍስ ይማር ሊል ይገባዋል። መኪናው በመጀመሪያ ወረቀትን አቀዘቀዘ፤ ቀጥሎ ሲኒማ ቤትን፤ ቀጥሎ ባለ ገንዘብን።

ለመኪናው ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። የባሕር ዳር ኤሌክትሪክ የመጣው ከጢስ ዓባይ ነው። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1953 ዓ.ም. ለተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ለከተማው መብራት ሰጠ። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ስሙን ያገኘው ከሚያጤሰው የውሃ ብናኝ ነው። በዚያ ብናኝ ሥር በሙቀት ቀን የቆመ ሰው ልብሱ ሳይታወቀው ይርሳል፤ ወንዙ ማዶ ለማዶ ሣሩ በበጋም ለምለም ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተጨመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የባሕሩን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚወስደውና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ በሙቀቱ ወራት ወደ ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው በጥቁሩ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ውሃ ነው። መብራቱን አንጠላም፤ በመብራቱ አጥንተናል፤ ሆስፒታሉም ፋብሪካውም ይፈልገዋል። ሆኖም በነፃ በየሜዳው ይረጭ የነበረው ቅዝቃዜ በሽቦ ተጉዞ ወደ ተዘጋ ክፍል መግባቱን ልብ ማለት ይገባል። መኪናው ሙቀትን አያጠፋም፤ ያዛውረዋል። በሆቴሉና በባንኩ ውስጥ ያለው ሰው ብርድ ብርድ ሲለው፣ ከግድግዳው ውጭ የተሰቀለው ሣጥን የውስጡን ሙቀት በመንገደኛው ፊት ላይ ይተነፍሰዋል።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ጉዳይ እንግዲህ እዚህ ላይ ይገባል። በሰፈራችን አንድ ዋርካ ነበር። ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ አልነበረም። ከሥሩ በማለዳ የቀን ሠራተኞች ይቀጠራሉ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሻይ የሚያፈሉት እናት ምድጃቸውን ይዘረጋሉ፤ አራት አምስት ሊስትሮዎች፣ ሎተሪ የሚያዞረው ልጅ፣ ጋሪውን ፈትቶ ፈረሱን የሚያሳርፈው ባለ ጋሪ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች። በፈተና ሰሞን እኛም ቤቱ ሲግል ደብተራችንን ይዘን እዚያው እንሄድ ነበር፤ የአልጀብራ ጥያቄ ከፍቺ ጉዳይ ጋር እየተደባለቀብን።

አንድ መሥሪያ ቤት በዚያ ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱን ይዘን ለመጠየቅ ሄድን። ተቀምጠን የተስተናገድነው በማራገቢያ ሥር ነበር፤ ሹሙም ትሑት ሰው ነበሩ፤ ውሃ አስቀርበውልናል። ከሰሙን በኋላ «ልጆች፣ ዛፉ በማን ስም ነው? ካርታ አላችሁ?» አሉን። እኛ ስንተያይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጌታዬ፣ ካርታ የሚባለው ሳይመጣ ተቀምጠንበታል እኮ» አሉ። ሹሙ ሣቁ፤ ሽማግሌውም ሣቁ፤ ጉዳዩ እንደሚታይ ተነግሮን ወጣን። ደግሞም ሁሉ ከእኛ ጋር አልነበረም። ቅጠሉ አሸንዳዬን ይደፍንብኛል የሚል ጎረቤት ነበር፤ ሌሊት ሌባ ይሸሸግበታል ያሉም ነበሩ፤ ሁለቱም አልዋሹም።

በመጋቢት ውስጥ ተቆረጠ። ለሦስት ቀን የመጋዝ ድምፅ ስንሰማ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ማታ ግንዱ በጭነት መኪና ሲሄድ ሰፈሩ ድንገት የሰፋ መሰለ፤ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ የሩቅ ቤቶች ቆርቆሮ ዐይናችንን ወጋው። ከዚያ ዛፍ በታች ማንም ገንዘብ ከፍሎ አልተቀመጠም ነበርና በማንም መዝገብ ላይ ኪሣራ ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም። እኛ ግን እንጻፈው። ሻይ የሚያፈሉት እናት ሰማያዊ ሸራ ገዝተው በአራት እንጨት ወጠሩ፤ ሸራው ሥር ያለው ሙቀት ከቆርቆሮ አያንስም፤ ሻይ የሚጠጣውም ሰው ቆሞ ጨልጦ ይሄዳል እንጂ ሁለተኛ ብርጭቆ አያዝም። ባለ ጋሪው ፈረሱን ሊያሳርፍ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳል፤ አንድ ጭነት ይቀርበታል ማለት ነው። ዕርቅ አሁን በየቤቱ ይደረጋል፤ በሰው ቤት የሚደረግ ዕርቅ ደግሞ ባለቤቱን ደግስ ስለሚለው ድሃ ሲጣላ ቶሎ አይታረቅም።

በቅርብ ዓመታት የባሕሩ ዳር ለእግረኛ እየተከፈተ መምጣቱን አይተናል፤ ለብዙ ጊዜ በየድርጅቱ አጥር ተከፋፍሎ ለኖረ ዳርቻ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። መብራቱም አግዳሚ ወንበሩም መልካም ነው። ብቻ ወንበር በሚተከልበት ሁሉ ዋንዛ፣ ሾላ ወይም ዋርካ አብሮ እንዲተከል፣ የቆመውም እንዳይነካ እንጠይቃለን። የዛሬ ችግኝ ጥላ እስኪሆን እኛ ተመርቀን፣ ልጆች ወልደን፣ ልጆቻችን በዚያው በሚያዝያ ይፈተናሉ።

ከዋርካው ማዶ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የባንክ ነው። ሊስትሮዎቹና ሽማግሌዎቹ አሁን የሚቀመጡት በእሱ ምሥራቃዊ ግድግዳ ሥር ነው። ጧት ፀሐይ በዚያ በኩል ስለሆነች አይቀመጡም። ከ8 ሰዓት በኋላ ጥላው መንገዱን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ከላይ የተሰቀሉት ሣጥኖች ሙቅ ትንፋሻቸውን ቢያወርዱባቸውም ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ወግ ይጀምራሉ። በ6 ሰዓት ግን፣ በሚያዝያ፣ ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ስትቆም፣ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን ግንብ ጥላ የለውም። ቅርንጫፉን ወደ ጎን የሚዘረጋው ዛፍ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ሻይ የሚያፈሉት እናት ምድጃቸውን በአመድ ያዳፍኑና ካርቶን በራሳቸው ላይ ይዘው መንገዱን ተሻግረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ሻይ የለም።